ድመቷ በአባቴ ስም ስትጠራ

እዚህ አሜሪካ የድመቴን ጥርስ ማስነቀሌን የሰሙ የደሴ ጓደኞቼ ሰሞኑን መሳቂያ አድርገውኛል። «ወላሂ ያን ሁሉ ዶላር ለድመት ከፈልክ?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «የሰኞ ገበያ ድመት ጥርሷን ቢያማት ለማን ትናገራለች?» ብሎ ያፋጥጠኛል። ለማንም አትናገርም፤ የአሜሪካዋም አትናገርም። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። የእኔዋ ሻሼ ምግቧን በአንድ ጎን ከማኘክና አንዳንዴ ከአፏ ከመጣል በቀር ምንም አላሳየችም። ለካ ጥርሷን የገዛ አካሏ ከሥሩ እየበላው ኖሯል። ድመቶችን በብዛት የሚይዝ በሽታ ነው፤ መፍትሔውም መንቀል ነው።

ያደከመኝ ሐኪም መምረጡ ነው። አንዱ «ያለ ማደንዘዣ በርካሽ እናጸዳለን» አለኝ። ነቅታ የምትቧጭር ድመት ከድዷ በታች ማን ያያታል? ላዩ ይነጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ሌላው ዋጋው ሸጋ ነበር፤ የጥርስ ራጅ ግን የለውም። ያለ ራጅ የሚነቅል ሰው ስባሪ ሥር ድድ ውስጥ ትቶ ሊሰፋው ይችላል። በመጨረሻ ያገኘኋት ሐኪም ሳልጠይቃት ዘረዘረችልኝ፦ ቀድሞ የደም ምርመራ አለ፣ መተንፈሻ ቱቦ ይገባላታል፣ እሷ ስትነቅል ማደንዘዣውን የሚከታተል ሌላ ሰው ይቆማል። ዋጋውንም ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው በጽሑፍ ሰጠችኝ። በነገራችን ላይ የእኔ የጤና ኢንሹራንስ ጥርስ አይሸፍንም።

ቀኑ ደርሶ ክሊኒኩ ስንሄድ መጠበቂያው በሰው ተሞልቷል። ነርሷ ብቅ ብላ «ሻሼ ይማም!» ብላ ተጣራች።

እዚህ አገር የቤት እንስሳ የሚመዘገበው በባለቤቱ የመጨረሻ ስም ነው። ይማም ደግሞ አባቴ ነው! በእኛ አቆጣጠር ድመቷ እህቴ ሆና አረፈችው። አባቴ እኮ ቦሩ ሜዳ ላይ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለት፣ ጠብ ሲነሳ ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ነው። ዝም እንዳልል ተራችን ሊያልፍ ነው። ተነሳሁ። ጥግ ላይ ውሻዋን ታቅፋ የተቀመጠች የአገራችን ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «ወንድሜ፣ እህትህን አላህ ይማርልህ» አለችኝ። የማስታገሻው ጠርሙስ ላይም «ሻሼ ይማም» ተብሎ ተጽፏል፤ ቪዲዮ ስንደዋወል እናቴ እንዳታየው መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት። (ድመት ያላችሁ፦ ሲያማት ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፣ ይገድላታል።)

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የጨረሰ አንድ ወዳጄ ደግሞ ዋጋውን ሲሰማ ሳቁን ትቶ «መሬቷን ሸጬ ልምጣ፣ የድመት ጥርስ እየነቀልኩ እከብራለሁ» አለኝ። አብሽር ወንድሜ፣ ረጋ በል። እዚህ በዲግሪህ ለመሥራት የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለውጭ ምሩቃን ያዘጋጀውን ወይም መሰሉን መመዘኛ በእንግሊዝኛም፣ በጽሑፍም፣ በተግባርም ታልፋለህ። ናቭሌ (NAVLE) የሚባል የእንስሳት ሐኪሞች የፈቃድ ፈተና አለ። ከዚያ የምትኖርበት ስቴት ፈቃድ አለ። ፈተናው ሁሉ በዶላር ነው፤ እስክታልፍ ድረስ አንተም እንደ እኔ ሌሊት ታክሲ ስትነዳ ታድራለህ። በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ወደ ዓረብ አገር ባሕር አሻግርሃለሁ የሚልህን ደላላማ ጭራሽ አትስማው፤ በዚያ መንገድ ስንት የወሎ ልጅ እንደቀረ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። መምጣትህ ካልቀረ ከደሴ ሳትነሳ እንግሊዝኛህን አጥና፣ የትምህርት ማስረጃህን አሟላ። መሬቷን ግን አትንካት። እኔ ራሴ የመንጋጋ ጥርሴን ደሴ መጥቼ ለማስነቀል ገንዘብ እየቆጠብኩ ነው።