የጦሳ ጉም ነጭ አይደለም

ዛሬ ጠዋት የደሴው ተራራ፣ ጦሳ፣ የለም። ጉሙ ከላይ ወርዶ ሰፈሩን ሁሉ ውጦታል፤ ከጎረቤት ቆርቆሮ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ድሮ ቢሆን ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሥራ እሮጥ ነበር። ዛሬ መስኮቱ ላይ ቆሜ ቀለሙን ሳጠና ረፈደብኝ።

ይሄ አመል የመጣብኝ በኮምፒውተር ሥዕል መሥራት መማር ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ስምንት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ የያዝኩት አንድ ልጅ በፍላሽ የሰጠኝን ፎቶሾፕ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው አልከፍትም አለ። በደንቡ ልግዛ ስል ደግሞ ክፍያው በየወሩ ነው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ከዚያ ክሪታን አገኘሁ። ነፃ ነው፣ ከመሠረቱም ለሠዓሊ ታስቦ የተሠራ ነው። በነፃ የሚገኝ ነገር ጎደሎ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እስከዛሬ ፈልጌ ያጣሁበት ነገር የለም።

ሁለት ወር በማውስ ታገልኩ። ማውስ እጅ ምን ያህል እንደተጫነው አያውቅም፤ ብዳብሰውም ብጫነውም መስመሩ አንድ ውፍረት ነው። በኋላ ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቴ ልጅ የማትጠቀምበትን በእስክሪብቶ የሚሣልበት ታብሌት በሚኒባስ ላከችልኝ። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ በፌስታል ተጠቅልሎ መጣ። እስክሪብቶውን ላላ ሳደርገው መስመሩ ሲሳሳ፣ ጫን ስለው ሲወፍር ሳይ፣ ያን ሌሊት የአያቴን ቅንድብ ብቻ ደጋግሜ ስሥል አነጋሁ።

ግን ስለ ጉሙ ልጻፍ።

መጀመሪያ ጦሳን የሣልኩት በቃሌ ነው። ተራራው አረንጓዴ፣ ጉሙ ነጭ። ሲያልቅ ተራራው ላይ ጥጥ የተለጠፈ መሰለ። ብረሽ ቀያየርኩ፣ አሳሳሁት፤ ጥጥነቱን አልለቀቀም። ከዚያ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ከፍቼ ኮንትሮልን ተጭኜ ጉሙን ነካሁት። ክሪታ የነኩትን ቀለም እንዳለ አንስቶ ያሳያል። የመጣልኝ ነጭ አልነበረም፤ ሰማያዊ ጠቀስ ያደረገው አመድማ ቀለም ነው። ወደ ታች፣ የማድቤት ጭስ የሚቀላቀልበትን ስነካ ደግሞ ወደ ቢጫ አደላ። የሩቁን ሸንተረር ነካሁ፤ እሱም አረንጓዴ አይደለም። መሀላችን ያለው አየርና እርጥበት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ሩቅ ያለ ነገር የራሱን ቀለም እየተወ የሰማዩን ይይዛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የኖርኩት ተራራ ነው። ለካ አይቼው አላውቅም። ይህን ሳስብ ደንግጬ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ሌላው የተማርኩት ማስክ ነው፤ ሥዕሉን ሳይነኩ የፈለጉትን ቦታ የሚደብቁበት መሸፈኛ ነው። ድሮ ጉሙ ሲበዛብኝ በላጲስ እጠርገው ነበር፤ የጠረግኩትን መመለስ ብፈልግ የለም። አሁን ጉሙን በራሱ ሌየር፣ ማለትም እንደ መስታወት ሥዕሉ ላይ በሚደረብ ገጽ ላይ አደርግና ማስክ እጨምርለታለሁ። ማስኩ ላይ ጥቁር ስቀባ ጉሙ ይሸሻል፣ ነጭ ስቀባ ይመለሳል፣ ግራጫ ስቀባ እንደ ሻሽ ሳስቶ ከኋላው ያለውን ያሳያል። ጉሙ ግን የትም አልሄደም፤ ከሥር ሙሉውን አለ። ይህን የገባኝ ቀን ማንን ጠርቼ ላሳይ ብዬ ተንቆራጠጥኩ። ሌየር ማብዛት ግን ላፕቶፔን ያደክመዋል። በኤ4 ልክ፣ በኢንች 300 ፒክስል ጥራት፣ ሸራው 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ ሙሉ የተቀባ አንድ ሌየር ብቻውን ወደ 35 ሜጋ ባይት ይይዛል። ስለዚህ ከአሥር አላሳልፍም።

ለእማ በመስከረም የጦሳን ሥዕል ላሳትምላት ብዬ ማተሚያ ቤት ወስጄ ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀቱ ላይ የሰነበተ ጎመን መስሎ ወጣ። ሰውየውን ተቆጣሁት። ማታ ሳነብ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያበራ ነው ቀለም የሚሠራ፤ ማተሚያው ደግሞ አራት ቀለም ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ያ ደማቅ አረንጓዴ በቀለም የሚደረስበት አይደለም። ክሪታ ውስጥ ኮንትሮል ዋይን ብጫን ኖሮ የሚታተመውን አስቀድሞ ያሳየኝ ነበር። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት።

እማ ግን ሥዕሉን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ስለ ቀለሙ ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አብሽሪ ልጄ። ይሄ እኮ የኅዳር ጦሳ ነው። ሣሩ መድረቅ ሲጀምር እንዲሁ ነው የሚሆን።»

እውነቷን ነው። ሳሎን ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጉሙ መነሳት ጀመረ። እስከዛሬ ማስኩን የምቀባው ከጫፉ ጀምሬ ነበር፤ ተራራ ሲገለጥ ከራሱ የሚጀምር ይመስለኛል። ዛሬ ቆሜ እንዳየሁት መጀመሪያ የወጣው እግሩ ነው። ቀጥሎ ባሕር ዛፎቹ፣ ከዚያ ወገቡ። ጫፉ እኔ ከቤት እስክወጣ ድረስ አልታየም። ማታ መብራት ካልጠፋ ማስኩን ከታች ጀምሬ እንደገና እቀባዋለሁ።