ዱ ሼቮ ሳድስ ከታሪኩ የተማርኩት

ሊዮን ውስጥ ጋራዥ ቆሞ የከረመ የ1979 (እ.ኤ.አ.) ሲትሮየን ዱ ሼቮ የምትባል የፈረንሳይ መኪና ገዛሁ። ስሙ በፈረንሳይኛ «ሁለት ፈረስ» ማለት ነው። መጀመሪያ የነዳሁት ቀን ኩርባ ላይ ጋደል ሲል በሩ አስፋልቱን የሚነካ መሰለኝ። አራት አዲስ አሞርዛተር (የሞላውን መወዛወዝ የሚያበርድ ዕቃ) ገዝቼ ገጠምኩ። አሁንም ጋደል ይላል። ገንዘቡ ባከነ።

ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። በ1930ዎቹ የሲትሮየን ኃላፊ ፒየር-ዡል ቡላንዤ መሐንዲሶቹን ያዘዛቸው ገበሬውን አስቦ ነው። ሁለት ገበሬና 50 ኪሎ ድንች ይጫን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሂድ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ቤንዚን ይብቃው። እንቁላል ጭኖ የታረሰ ማሳ ሲያቋርጥ አንድም አይሰበር። ከዚያ ጦርነት መጣ። የሙከራ መኪኖቹ ጀርመኖች እጅ እንዳይገቡ አብዛኞቹ ወደሙ፣ ጥቂቶቹ ተደበቁ። በ1948 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ሲታይ ሞተሩ 375 ሲሲ፣ ጉልበቱ 9 ፈረስ ብቻ ነበር።

ለካ ማጋደሉ በሽታ አይደለም፣ እንቁላሉ እንዳይሰበር ለስላሳ ሆኖ ስለተሠራ ነው! የፊትና የኋላ ጎማዎቹ በጎን በተጋደመ ሞላ ተያይዘዋል። የፊቱ ጉድጓድ ሲያገኝ ለኋላው ቀድሞ ይነግረዋል። እንዴት ደስ የሚል አሠራር ነው!

ሞተሩን ስከፍት አልደነገጥኩም። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። የቴስታታ ጓርኒሲዮንም (በሞተሩ ራስና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የለውም፤ ብረት ከብረት ጋር ነው የሚገጥመው። ሁለቱ ካንዴላዎች እሳት የሚሰጡት በአንድ ጊዜ ስለሆነ እሳቱን በየተራ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር አላስፈለገም። ፑንቲናውን (ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ የሚያደርገውን) ግን ብዙ ፈልጌዋለሁ፣ ከቬንትሌተሩ ጀርባ ነው ያለው።

ያከሰረኝ ሻንሲው፣ ማለትም ቦዲውን የሚሸከመው የብረት መሠረት ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ከሥሩ ተኝቼ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ሳደርገው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ፣ ዝገቱ ፊቴ ላይ ረገፈ። ላሜራ እየለጠፍኩ ሁለት ወር በየድኩ። ስህተት ነበር። ቦዲው ሻንሲው ላይ የታሰረው በብሎን ነው። በመጨረሻ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ፈትተን፣ አንስተን ሣር ላይ አስቀመጥነውና አዲስ ሻንሲ ገባለት። የመጨረሻው ዱ ሼቮ ፖርቱጋል ውስጥ የተሠራው በ1990 ቢሆንም መለዋወጫው ዛሬም ይመረታል። ልትገዛ ካሰብክ ከቀለሙ በፊት ሆዱን እይ።

መሪው ሲከብድህም ቶሎ ዕቃ አትቀይር። የፊት ጎማው የሚዞርበት ፒን በየ1000 ኪሎ ሜትሩ ግራሶ ይፈልጋል። ጎማውን ከመሬት አንሳና ጥቁሩ ወጥቶ ንጹሑ ብቅ እስኪል ድረስ በፓምፕ ግፋ።