በቆርቆሮ የምንቆጥረው ዕዳ

ባለፈው እሑድ እኔና ባለቤቴ የወሩን ደብተር ዘርግተን ስንቀመጥ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ የቀረብን ዕዳ የተጻፈው በብር ሳይሆን በቆርቆሮ ብዛት ነበር። ከ64 ተነሥተን 18 ላይ ደርሰናል። የቤት ዕዳ የሚከፍል ሰው ገጹን በድንገት ቢያየው ግራ ሊገባው ይችላል፤ እኛም ብንሆን ዕዳችንን በዚህ መንገድ መቁጠር የጀመርነው አንድ ስሌት በጥንቃቄ ሠርተን ከተሳሳትን በኋላ ነው።

ባለቤቴ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት አንዱ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው ሲታደስ ከነባሮቹ ጋር ተሰልፎ ስሙን አሳድሷል። በመጀመሪያው ምዝገባ ጊዜ ወንደላጤ ነበር፤ ዕጣው ሲወጣለት ሁለት ልጆች ወልደናል። ቤቱ በ20/80 መርሐ ግብር የተሠራ ባለሁለት መኝታ ነው። በዚህ መርሐ ግብር ከዋጋው 20 በመቶውን ባለዕድሉ ይከፍላል፣ 80 በመቶውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያበድራል። በእኛ ውል መሠረት የቤቱ ዋጋ 360,000 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያው 72,000፣ ብድሩ ደግሞ 288,000 ብር ሆኖ፣ በ9.5 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት የሚከፈል ነው። ወርኃዊ ክፍያው 2,685 ብር ገደማ ይመጣል። የመጀመሪያውን ወር ከፍለን ስንመለስ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ 2,280 ብሩ ወለድ ነበር፣ ዋናው ዕዳ የቀነሰው በ405 ብር ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው ብንከፍል ከ640,000 ብር በላይ ይወጣል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም በቤታችን «ዕዳ» ሲባል የሚታሰበው የባንኩ ዕዳ ብቻ ሆነ። ዘመድ ወዳጁም ሲገናኘን «ቶሎ ከባንክ ውጡ» ከማለት በቀር ሌላ ምክር አልነበረውም።

ሆኖም ቁልፍ የተረከበ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቁልፍ መቀበልና ቤት መግባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኛ ቤት ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ቀለም ያልነካው፣ የውስጥ በሮች የሌሉት ነበር። ለሴራሚክ፣ ለበር፣ ለቀለም፣ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ ሥራ ገንዘብ ስላልነበረን በ2014 ዓ.ም. ከሦስት ቦታ ተበደርን። አንደኛው የመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲሆን፣ 100,000 ብር በ13 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ሰጠኝ፤ ክፍያው በወር 2,275 ብር ከደመወዜ ይቆረጣል። ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ሦስተኛዋ ሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ሥራ የምትተዳደረው የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ፣ ደሴ አካባቢ ያለውን የእናታቸውን ቤት ጣሪያ ልታስቀይርበት ያጠራቀመችውን 40,000 ብር በባንክ ላከችልን። «ጣሪያው አንድ ክረምት ይቆየናል» አለች።

ስለ ዕቁቡ ጥቂት ልበል፤ ዕቁብ ወለድ የለውም ሲባል እየሰማን ስላደግን ማንም ሒሳቡን አይሠራም። እኛ የገባንበት 20 አባላት ያሉት፣ በወር 3,000 ብር የሚጣልበት፣ 60,000 ብር የሚደርስ ዕቁብ ነው። በሦስተኛው ወር ዕጣ ለወጣላት ሴት 5,000 ብር ከፍዬ ተራዋን ገዛሁ፤ ዳኛውም ዋስ አስጠርቶ ገንዘቡን ሰጠኝ። እስከዚያ ቀን የጣልኩት 9,000 ብር ሲታሰብ በእጄ የገባው አዲስ ገንዘብ 46,000 ብር ነው፤ በቀሩት 17 ወራት ደግሞ 51,000 ብር መለስኩ። ይህ በዓመት ሲሰላ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከማኅበሩ ብድርም፣ እንቅልፍ ከነሣኝ ከባንኩም የበለጠ ማለት ነው። ዕቁብን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያለ ዕቁብ በሮቻችን አይገጠሙም ነበር። ነገር ግን ተራ የገዛ ሰው ተበድሯል፣ ወለድም ከፍሏል።

በዚያ ወቅት የእኔ ደመወዝ 12,000 ብር ነበር፤ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነሱለት 8,460 ብር ይቀረዋል። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን፣ ከ9,000 ብሩ 6,625 ብር ይዞ ይገባል። ከሁለታችን 15,085 ብር ላይ ለባንክ፣ ለማኅበርና ለዕቁብ በድምሩ 7,960 ብር ሲወጣ ለአራት ሰዎች ወር 7,125 ብር ይተርፋል። በሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ከእኔ ደመወዝ ለማኅበሩ የሚቆረጠው ከሲሶው በታች ነው፤ ሕጉ የሚያየው ደመወዝ ከፋዩ የሚቆርጠውን ብቻ ነው እንጂ ዕቁቡንም፣ በባለቤቴ ስም ያለውን የባንክ ብድርም ደምሮ አያይም። እኛም ደምረን ያየነው ከተበደርን በኋላ ነው፤ ከግማሽ በላይ ሆኖ አገኘነው።

ከዚያ በኋላ ትንሿን መኝታ ቤት በወር 2,500 ብር ለአንዲት ነርስ ደባል አከራየናት። ልጆቹንም ከግል ትምህርት ቤት አውጥተን ወደ መንግሥት አዛወርናቸው። ይህ በሰፈር ሐሜት ያስከተለ ውሳኔ ቢሆንም፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ስላለና ደብተርና የደንብ ልብስም ስለሚሰጥ፣ ከወርኃዊ ክፍያው ባልተናነሰ የምሳ ዕቃው ወጪ ቀለለልን። ባለቤቴ ራሱ የመንግሥት መምህር ሆኖ ሳለ ልጆቹን በግል ማስተማሩ ቀድሞውንም ያሳፍረው እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው።

የወጪ ደብተሩን የጀመርነው ግን በምድር ቤቱ ባለሱቅ ምክንያት ነው። ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ዱቤ ልንከፍል ስንወርድ የእርሳቸው መዝገብ 3,840 ብር ይላል፣ እኔ በቃሌ የያዝኩት 3,410 ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው መስመር በመስመር አነበቡልኝ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሽንኩርት፣ ሁሉም ልክ ነው። ቀጥለው ብስኩት፣ ብስኩት፣ አሁንም ብስኩት አሉ፤ ይህ የልጄ ሥራ ሆኖ 130 ብር መጣ። ከዚያ ባለ 100 ብር የሞባይል ካርድ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። «ይህስ የማን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው መልስ ሳይሰጡ ከኋላዬ የቆመውን ባለቤቴን ተመለከቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እኔ ፊርማ ዱቤ እንዳይሰጡ ተስማማን። ደብተሩን ግን የሚጽፈው ባለቤቴ ነው፤ ቅጣት ነው ብሎ ተቀበለው፣ አሁን ከእኔ ይልቅ እርሱ ያጠብቃል።

ደብተሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ያሳየን ትልቁ ነገር የጳጉሜን ጉዳይ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው 12 ጊዜ ነው፣ ዓመቱ ግን 13 ወር ነው፤ የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንን ተሻግሮ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለበት። በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ደግሞ የዘመን መለወጫ ዶሮና ቅቤ፣ የልጆች ጫማ፣ የዓመት ልብስ በላይ በላዩ ይመጣሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ብድር የምንገባው ሳናውቅበት ሳይሆን፣ ያን ወጪ እንደ ድንገተኛ ስለምንቆጥረው ነበር። ስለዚህ የበዓላቱን፣ የዕድሩን፣ የሰርግና የለቅሶውን ሁሉ የዓመት ወጪ ደምረን 18,000 ብር አገኘንና በየወሩ 1,500 ብር በሌላ የቁጠባ ሒሳብ ማስቀመጥ ጀመርን። ሽንኩርት ኪሎው ከ100 ብር ባለፈበት ሰሞን እንኳ ያችን ገንዘብ አልነካናትም፤ ሽሮውን ቀይ ሽንኩርት ሳይበዛበት በላን።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዕቁቡ ሲያልቅ በየወሩ 3,000 ብር ነፃ ወጣ። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። የባንኩ ወለድ 9.5፣ የማኅበሩ 13፣ የእህታችን ዜሮ። እንግዲህ ትርፉን ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት መክፈል ነው፤ ይህን ማንኛውም የሒሳብ ሰው ይመክረዋል፣ «ከባንክ ውጡ» ከሚለው የዘመድ ምክርም የተሻለ ነው። ከጥር እስከ ሐምሌ በሰባት ወር 21,000 ብር ለማኅበሩ ተጨማሪ ከፈልኩ። በዓመት 2,700 ብር ያህል ወለድ እንዳዳንኩ አስልቼ ደስ ብሎኝ ነበር። የእህታችንን ገንዘብ ያቆየሁት ስለማትጠይቅ ነው፤ ወለድ የሌለው ዕዳ ይጠብቃል ብዬ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እርሷ ገንዘቡን ስትልክልን አንድ ሪያል 14 ብር ያህል ስለነበር፣ 40,000 ብሩ 2,850 ሪያል ግድም ነበር፤ ደመወዟ በወር 1,000 ሪያል እንደ መሆኑ የሦስት ወር ያህል ልፋቷ ማለት ነው። ሪያሉ ከ30 ብር ሲያልፍ ያው 40,000 ብር ከ1,340 ሪያል የማይበልጥ ሆነ። ሌላውን ትቼ ለማኅበሩ ያስገባሁትን 21,000 ብር ብቻ ለእርሷ መልሼው ቢሆን ኖሮ፣ በዚያን ጊዜ 1,380 ሪያል ያህል ያወጣ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ 700 ሆነ። እኔ 2,700 ብር ለማዳን የእርሷን 20,000 ብር ያህል አቃጠልኩ። ደብተሩ ላይ ይህ የትም አልተጻፈም።

ገንዘቡ ቀድሞ ቢመለስላትም እዚሁ በባንክ በብር ይቀመጥ ነበር፣ በኑሮ ውድነቱም ዋጋው ይወርድ ነበር የሚል ክርክር ባለቤቴ ራሱ አንሥቷል። እውነት አለው፤ ነገር ግን እርሷ ልታስቀምጠው ሳይሆን ጣሪያ ልትገዛበት ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ዓርብ ማታ፣ እህታችን እንደ ልማዷ በኢሞ ስትደውል ነገሩን አነሣንላት። «እኔ የሰጠኋችሁ ብር ነው፣ ብር መልሱልኝ፤ ሪያል መቼ አበደርኳችሁ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ብቻ የእማዬ ጣሪያ ዘንድሮም ያፈሳል አሉኝ፤ ላስቲክ አንጥፉበት ብያለሁ» አለች። ባለቤቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ወደ በረንዳ ወጣ።

በማግስቱ ደሴ ለሚገኝ ለአንድ የዘመድ ነጋዴ ደወለ። በ2014 ዓ.ም. በ40,000 ብር ከነምስማሩ 64 ቆርቆሮ ይገዛ እንደነበር ከራሱ መዝገብ አይቶ ነገረው፤ አሁን በዚያው ገንዘብ የሚገኘው 38 ብቻ ነው አለው። ዕዳችን ስንት እንደ ሆነ ያወቅነው ያኔ ነው፤ 64 ቆርቆሮ። ብሩን በየወሩ ወደ እርሷ ሒሳብ ከመላክ ይልቅ፣ በየሁለትና በየሦስት ወሩ የቻልነውን ያህል ቆርቆሮ እየገዛን በእናቱ ግቢ በላስቲክ ሸፍነን ማስቀመጥ ጀመርን። ዋጋው ቢወጣ ኪሳራው የእኛ ነው፣ ቢወርድም ትርፉ የእኛ ነው፤ እስካሁን ግን አልወረደም። እህታችን ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣች፣ «ልጆቻችሁን ምን ልታበሏቸው ነው?» አለችኝ፤ በኋላ ግን የቆርቆሮውን ፎቶ ላኩልኝ ማለት ጀመረች።

የማኅበሩ ብድር በደመወዜ ላይ እየተቆረጠ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ባንኩን ከውሉ አንድ ብር አስበልጠን አንከፍልም፤ ያስፈራኝ የነበረው 2,685 ብር ዛሬ ከቤታችን ክፍያዎች ሁሉ ቀላሉ ሆኗል፤ ጀርባውን የሰበረው በእህታችን ዕዳ ላይ የደረሰው ያው የብር መርከስ ነው። ልዩነቱ ባንክ አይከፋውም።

አሁን ጥር ላይ ነን፤ በያዝነው አካሄድ በወር ሦስት ቆርቆሮ ቢገዛ 18ቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያልቃሉ፣ ክረምቱም ሐምሌ ላይ ይጠነክራል። የአናጺውን ዋጋ በደብተሩ ላይ አላስገባነውም ነበር፤ እሑድ ዕለት ባለቤቴ አስታወሰኝና ከ18ቱ ሥር በእርሳስ ጻፈው።