ከሻሹ ሥር የነበረው ጠባሳ

ድሬዳዋ ራዲዮሎጂስት ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የሆነ ነው፤ እስከ ዛሬ የጆሮ ሲቲ ስካን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የማዘዣው ወረቀት ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የቆየ የግራ ጆሮ መግል።» ምስሉን ከፈትኩ። ከጆሮ ጀርባ ያለው ማስቶይድ የሚባለው አጥንት እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ እዚህ ግን ያለው አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነው። ከሦስቱ የመስሚያ አጥንቶች ሁለቱ የሉም፣ ጉድጓዱን ደግሞ ሥጋ መሳይ ነገር ይዞታል። «ኮሌስቴቶማ አጥንቱን በሰፊው በልቶታል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። (ኮሌስቴቶማ የማይገባው ቦታ የበቀለ ቆዳ ነው። አጥንት ይበላል፣ ካንሰር ግን አይደለም።)

ከሰዓት በኋላ ታካሚዋን እናት ኮሪደር ላይ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ሪፖርቴን ልጃቸው አንብባላቸዋለች።

«አንተ ልጄ፣ ምን በላው ትላለህ? አጥንቱን አዲስ አበባ ሐኪሞቹ አይደሉ እንዴ ያወጡት!»

ሻሻቸውን ገፋ አደረጉት። ከጆሯቸው ጀርባ፣ የጆሮውን መታጠፊያ ተከትሎ የሚወርድ ቀጭን ነጣ ያለ ጠባሳ አለ። ክው አልኩ።

ተመልሼ ምስሉን እንደገና አየሁት። የጆሮ ቦይ የኋላ ግድግዳ ተጠርቦ ተነስቷል፣ ይህ የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። ትርፍራፊ አጥንት መስሎኝ ያለፍኩት ነጭ ነገርም በጠፉት አጥንቶች ምትክ ድምፅ እንዲያሻግር የተተከለ ሰው ሠራሽ አጥንት ኖሯል። እና ያ ሥጋ መሳይ ነገር? ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፣ የተመለሰ ኮሌስቴቶማም ሊሆን ይችላል፤ ሲቲ ላይ ሁሉም ያው ግራጫ ናቸው፣ እኔ ግን አይቼ እንደለየሁ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።

ልጅቷ በባጃጅ ከዚራ ሄዳ የድሮውን ፊልም አመጣችልኝ። ጎን ለጎን ሳያቸው ጉድጓዱ ያው የድሮው ነው። አዲሷ ከኋላ በኩል ያለች አንዲት ክብ ነገር ብቻ ናት። ስለዚህ ዲፊዩዥን የሚባለውን፣ የውሃ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን የኤምአርአይ ምርመራ፣ በተለይም ኢፒአይ (ፈጣኑ የምስል አነሳስ ዘዴ) ያልሆነውን ዓይነት ጠየቅሁ፤ ኮሌስቴቶማ እዚያ ላይ ደምቆ ይታያል፣ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግን ሊያመልጥ ይችላል። የጆሮ ኩክም እንደዚያው ሊደምቅ ስለሚችል አስቀድሞ ጆሯቸው እንዲጸዳ ነገርኳቸው። የተተከለው ከምን እንደተሠራም ማግኔቱ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ከድሮ ወረቀታቸው አጣራን።

ክቧ ነገር ደምቃ ታየች። አዲሱን ሪፖርት በቀዶ ጥገናቸው ታሪክ ጀመርኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጉድጓዱ የሐኪሞቹ እንደሆነ፣ የተመለሰችው ምስር የምታክል እንደሆነች ነገርኳቸው።

እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ምስር ካከለችማ ትውጣ!»