አሮጌ ሚያታ ከመግዛት በፊት፣ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ

ከ1989 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተሠራችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ሚያታ፣ ባለ ሁለት ወንበርና ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነች ትንሽ መኪና፣ ሞተሯ ጠንካራ ነው። የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያቀናጀው ታይሚንግ ቺንጋ ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ሞተሩ አይሞትም። ለዚህ ነው ገዢ ኮፈን ከፍቶ ድምፅ ብቻ ሲያዳምጥ የሚከነክነኝ። ይህችን መኪና የሚጨርሳት ውኃ ነው።

ሸራው ላይ የወረደ ዝናብ ከወንበሮቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ባሉት መውረጃዎች አልፎ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ቀደም ብሎ መሬት ላይ መፍሰስ አለበት። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ውኃው ምንጣፉን ያርስና ከበሩ ሥር ባለው ዝግ ላሜራ ውስጥ ይተኛል። ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፤ በሰሜን አሜሪካ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ከውጭ ያግዘዋል።

አንድ ኩባያ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። በመውረጃው ቀስ እያላችሁ አፍስሱና ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከሥር ጠብ ካላለ ተደፍኗል። ከዚያ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ላሜራ በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ማግኔትም አስጠጉበት። ቀለሙ ካበጠ፣ ወይም ማግኔቱ አልይዝ ካለ፣ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። እንዲህ ያለችውን በርካሽም ቢሆን አልመክርም፤ ላሜራ ቆርጦ መበየድ ሞተር ከመጠገን ይብሳል።

ባትሪው ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። የጋዝ ማስወጫ ቱቦ የሌለው ተራ ባትሪ ከገባበት አሲዱ ወለሉን ይበላል፤ ምንጣፉን ገልጣችሁ እዩ።

በሞተር በኩል አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። በ1990 እና በ1991 መጀመሪያ ሞዴሎች ላይ የክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ፣ ማለትም ፑሊው የሚታሰርበት የፊት ጫፉ፣ አጭር ነው። ቺንጋ ተቀይሮ ብሎኑ በልኩ ካልጠበቀ ሻፍቱ ላይ ያለችው ትንሽ የማያያዣ ብረት (ቁልፍ) ትበላና ፑሊው ይወዛወዛል፤ ጉልበቷም ይወርዳል። ፑሊው ላይ 4 ስንጥቅ ካለ አጭሩ ነው፣ 8 ከሆነ ረጅሙ። ሞተሩ እየሠራ ፑሊውን ከፊት ተመልከቱት፤ ሳይንቀጠቀጥ መዞር አለበት።

ቺንጋው በየ60,000 ማይል ይቀየራል፤ የውኃ ፓምፑንም አብሮ መቀየር ነው። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት ካያችሁ ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የካም ሴንሰሩ ኦሪንግ (ዘይት የሚከላከል የጎማ ቀለበት) ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ማርሽ አልገባ ካለ ደግሞ ካምቢዮው ላይ ያለችውን የፍሪሲዮን ሲሊንደር እዩ፤ ማፍሰስ ልማዷ ነው።

የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ዚፑን ሳትከፍቱ ሸራውን አታጥፉት። በብርድ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት፤ ይሰነጠቃል።