የሃርፕሲኮርዱ ክርክር

ቦስተን ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ስቱዲዮ በድምፅ ቀረጻ ሥራ ላይ ነኝ። ፒያኖ እንደሚመስለው የጥንት ባለቁልፍ መሣሪያ፣ እንደ ሃርፕሲኮርድ፣ ሰው የሚያከራክር መሣሪያ አላጋጠመኝም። አንዱ ሲመሰጥበት ሌላው ጆሮውን ይይዛል።

አንድ ቀን የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ሥራ ስንቀርጽ ዋናው የድምፅ ባለሙያችንና ተጫዋቿ ተጋጩ። እሱ ድምፁ ቀጠነብኝ ብሎ ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ጨመረ፤ ስል ስሉን ድምፅ ቀነሰና አሰማት። «ይሄ የእኔ መሣሪያ አይደለም» አለችው። «እንዳለ ከተውነው ማን ይሰማዋል?» አላት። ነገሩ ከረረ።

ገብቼ መሣሪያው አጠገብ ቆምኩ። እውነትም ይቆረቁራል። ራቅ ስል ግን ለሰለሰ። ፒያኖ ውስጥ አውታሩን የሚመታው መዶሻ ነው። ሃርፕሲኮርድ ላይ ግን ቁልፉ ሲነካ ቀጭን እንጨት ብድግ ይልና እሱ ላይ የተሰካች ስንጥር አውታሩን ትገርፋለች፤ ክራር እንደሚገረፈው ማለት ነው። ስንጥሯ ድሮ ከወፍ ላባ ነበር የምትሠራው፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ናት። ቁልፉን ጠንክረው ቢመቱትም ለስለስ አድርገው ቢነኩትም የድምፁ ጉልበት እምብዛም አይለወጥም። የእኛ ማይክሮፎን ደግሞ ክዳኑ ሥር ተጠግቶ የእንጨቱን ኳኳታ ሁሉ ይለቅም ነበር። አራቅነው። የተጨመረውንም የተቀነሰውንም ወደነበረበት መለስን። ተጫዋቿ ፊቷ በራ፤ እሱም «አሁን ይሻላል» አለ።

ቡና ላይ ነው ዋናው ነገር የወጣው። የድምፅ ባለሙያው ያደገው አባቱ በሚያስከፍቱት የዋንዳ ላንዶውስካ ሸክላ ነው። ላንዶውስካ ሃርፕሲኮርድን ወደ መድረክ የመለሰች ትልቅ ሰው ናት። መሣሪያዋን ግን እ.ኤ.አ. በ1912 የሠራላት የፓሪሱ የፒያኖ ፋብሪካ ፕሌየል ነበር፤ የብረት ማዕቀፍ ያለው፣ እንደ ፒያኖ የከበደ። የእኛ ተጫዋች የተማረችው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሠራር በተሠሩ ቀላል የእንጨት መሣሪያዎች ነው። እዚሁ ቦስተን የሃርፕሲኮርድ ሠሪዎቹ ፍራንክ ሃባርድና ዊልያም ዳውድ እ.ኤ.አ. በ1949 ወርክሾፕ ከፍተው መሣሪያው ወደዚያ አሠራር እንዲመለስ ብዙ ደክመዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ የዋሉት በጆሯቸው የተለያየ መሣሪያ ይዘው ነው።

እኔ ቀላሉን የእንጨት መሣሪያ እወዳለሁ። የባኽ ዜማዎች ሲጠላለፉ እያንዳንዱ ጥርት ብሎ ይለያል። እሱ ዛሬም ከላንዶውስካ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ ግን ማይክሮፎን ከመትከላችን በፊት ተጫዋቹ የሚወደውን ቅጂ ይዞ እንዲመጣ እንጠይቃለን፤ አብረን እንሰማዋለን።