ላገኘው ነበር እኮ

አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር ነው። ትምህርት ቤታችን ቦሌ አካባቢ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ማስተማሬን አቆማለሁ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ ያ ሁሉ ብረት እንዴት አይወድቅም?" አለኝ። ሰሌዳ ላይ ከምጽፍ ብዬ ለሁሉም አንድ አንድ ሉክ አደልኩና ኮሪደር ወጣን።

በ2022 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የወረቀት አውሮፕላን ክብረ ወሰን 88 ሜትር ያልፋል ብያቸው ነበር። ልጆቹ ኮሪደሩን በእርምጃ ለኩት። አልበቃቸውም።

የአንዷ ልጅ አውሮፕላን ግን እምቢ አለ። ስትወረውረው አፍንጫውን ሽቅብ ያነሳል፣ አየር ላይ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ዱብ። ሦስቴ፣ አራቴ። ችግሩ ወዲያው ገባኝ። ክብደቱ ወደ ኋላ አድልቷል። አፍንጫው ሽቅብ ሲያይ ፍጥነቱ ያልቃል፤ ፍጥነት ካለቀ ደግሞ ክንፍ መሸከም ያቅተዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ክንፍ ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የቦሌ አውሮፕላኖች ረጅም መንደርደሪያ የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው።

"እስቲ አምጪው" አልኳት። አፍንጫው ላይ አግራፍ ሰካሁ። የክንፉን ጫፍ በጥፍሬ አጠፍኩ። ወረወርኩት። ኮሪደሩን ሰንጥቆ ሄደ። ልጆቹ በጩኸት አቀለጡት።

እሷ አላጨበጨበችም።

"ቲቸር፣ ላገኘው ነበር እኮ" አለችኝ ቀስ ብላ። መዳፏን ከፈተች። በጥርሷ የቆረጠቻት ፕላስተር ነበረች፣ መሃሏ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጠጠር ተጠቅልላለች። "ይቺን አፍንጫው ላይ ልለጥፍ ነበር።"

ደነገጥኩ። ትክክለኛው መልስ እጇ ላይ ነበር። እኔ ቀማኋት። አግራፉን ነቅዬ መለስኩላት፣ የክንፉን እጥፋት ግን ብዳምጠውም መስመሩ አልጠፋም።

"ይቅርታ፣ የኔ ልጅ። አዲስ ሉክ ልስጥሽ?"

"አይ፣ ደወሉ ሊደወል ነው።"

እውነትም ተደወለ። ይሄው ስንት ዓመቱ፣ ያቺ መዳፍ ከዓይኔ አልጠፋችም።

በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ትምህርት ሳስተምር ጠጠርና ፕላስተር ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ጠበቅኋቸው። ለካ እሱም መልሱን መንገር ነው። ተውኩት። አሁን ሉክ ብቻ ይዤ እገባለሁ። ጠጠር እንደሆነ ግቢው ሞልቷል።